አይጡን የእህት ልጅ ያደረገው ሰው

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብዕር የምይዘው ስሜን ለመፈረም ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤትም ከሦስተኛ ክፍል በላይ አላየሁም። ፊደል ብስት፣ የኋላውን ነገር ባስቀድም ታገሱኝ። የተማሩት ሰዎች ስለ ሹማምንቱና ስለ ቄሶቹ ጽፈዋል፤ ስለ ሳቴኪ ግን የጻፈ የለም። እሱን ያላወቀ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለምን እንደዚያ እንስቅ እንደነበር አይገባውም። ስለዚህ እያፈርኩም ቢሆን ልሞክር።

ሳቴኪ በደሴት አገራችን ዋና ከተማ በኑኩአሎፋ፣ ወደቡ አጠገብ በነበረው የቆርቆሮ ሲኒማ ቤት የፊልም አስተርጓሚ ነበር። ፊልሙ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕዝቡ እንግሊዝኛ አያውቅም። ሳቴኪ ከሸራው ጎን የነጭ ጋዝ ሳጥን ላይ ይቆምና፣ የቆርቆሮ ጡሩምባውን አፉ ላይ ደግኖ በእኛ ቋንቋ ያወራዋል። ሽጉጥ የታጠቀው ሰውዬም እሱ ነው፣ የምታለቅሰዋ ልጅም እሱ ነው፣ ፈረሱም እሱ ነው። ሥራው በዚህ ቢበቃ ኖሮ ምንም ነገር ባልመጣ። ከትልቁ ፊልም በፊት ግን ሁልጊዜ አንዲት አጭር ካርቱን ትታያለች፤ ድመትና አይጥ የሚሳደዱባት። እሷ ውስጥ ማንም ቃል አይናገርም። ሌላ አስተርጓሚ ቢሆን ቁጭ ብሎ ኮኮናቱን ይጠጣ ነበር። ሳቴኪ ግን ሸራው በርቶ ዝም ማለት አይሆንለትም።

የመጀመሪያው ቀን፣ አይጡ ከቀዳዳው ወጥቶ የድመቱን ዓሣ ሲያነሳ፣ ሳቴኪ የሚለው ጠፋው። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «አጎቴ፣ ይሄ ዓሣ የማነው?» አለ።

በወፍራም ድምፅ ደግሞ ለራሱ መለሰ፤ «የኔ ነዋ!»

«እንግዲያው የኔ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኛ ዘንድ የእህት ልጅ በክብር ከእናቱ ወንድም በላይ ነው፤ ከአጎቱ ቤት ያሻውን ቢያነሳ፣ አሳማውን እየጎተተ ቢሄድ፣ ከድስቱ ቢጨልፍ ተው የሚለው የለም፤ የአጎት ድርሻ ማየት ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ወይ አጎት ነው፣ ወይ የእህት ልጅ ነው፣ ወይ ሁለቱም ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ድመት ድመትነቱ ቀረና የእህቱን ልጅ በመጥበሻ የሚያባርር ስስታም አጎት ሆነ። «አንተ ንፉግ! የእህትህን ልጅ በዓሣ?» እያሉ ሴቶቹ ሸራው ላይ የኦቾሎኒ ልጣጭ ይወረውራሉ። ነገረኛው ማነው ብትል፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ድመቱን ያሳይህ ነበር።

አሁን ስለ አባባ ማናሴ ልናገር፤ መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ። አባባ ማናሴ የሳቴኪ እናት ወንድም ናቸው። አባቱ ባሕር ላይ ቀርቶ፣ እናቱም ስትሞት፣ የሰባት ዓመቱን ልጅ ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሳቴኪም የእህት ልጅነቱን አንድ ቀን አልዘነጋም። ፈረሳቸውን ወስዶ ሸጠ። ለሠርጉ ሦስት አሳማቸውን አረደ። ለቤተ ክርስቲያን ያሰፉትን ኮት ለአንድ ቀን ብሎ ለበሰው፤ ኮኮናት ሲለቅምበት ቀደደው። አባባ ማናሴ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና፣ «እህህ! እኔ ምን አልኩ?» ይላሉ። ቁጣቸው ይኸው ነው።

ሳቴኪ ለድመቱ የሰጠው ድምፅ ይህን ነው። በክፋት አይመስለኝም። የአጎት ድምፅ አምጣ ቢባል ዕድሜውን ሙሉ የሰማው እሱን ብቻ ነበር። ድመቱ በር ጅራቱ ላይ ሲዘጋበት፣ «እህህ! እኔ ምን አልኩ?» ይላል፤ ሕዝቡም አብሮ ይላል።

ነገሩ ከሲኒማ ቤቱ ወጥቶ ገበያ ገባ። አባባ ማናሴ ቦዬ፣ ያን እንደ ድንች ከመሬት የሚወጣውን፣ ይሸጡ ነበር። ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር ከወዲህም ከወዲያም «ሚያው!» ይባላል። ሲኒማ ገብተው አያውቁም። ስለዚህ ጎንበስ ይሉና ጠረጴዛው ሥር ድመት ይፈልጋሉ። ይህን አይቶ ገበያው ይብስበታል። ሲኒማው በር ላይ ኦቾሎኒ የምትቆላው ሌሲኤሊ ናት በመጨረሻ አዝና እውነቱን የነገረቻቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ፣ «ሰኞ ወደ ሃአፓይ ደሴት የሚሄድ መርከብ አለ አይደል?» አሏት። «የወንድሜ ልጆች እዚያ ናቸው። ሲኒማ የላቸውም።»

ሌሲኤሊ የዚያኑ ቀን ሳቴኪን በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ጡሩምባ! አጎትህ ሊሄዱልህ ነው።»

«ወዴት?»

«ሃአፓይ፣ ሰኞ። ሚያው የማይባልበት አገር።»

«ቀልድ እኮ ነው፣ ሌሲኤሊ።»

«አንተ ሳጥን ላይ ቆመህ ቀልድ፤ እሳቸው ጠረጴዛ ሥር ይንበርከኩ። ሂድና ይቅርታ በላቸው!»

«እንዴት ብዬ? የእህት ልጅ አጎቱን ይቅርታ ሲል የት አይተሻል? እኔ ዝቅ ብል እሱ ምድር ሊገባ ነው።»

«ፈረሳቸውን ስትሸጥ አፍ ነበረህ!»

ሴትየዋ ብትዘልፈውም ሳቴኪ እውነቱን ነበር። ከፍ ያለው ዝቅ ላለው ይቅርታ የሚልበት ሥርዓት እኛ ዘንድ የለም፤ የእህት ልጅ ይወስዳል፣ አይመልስም። ሳቴኪ ሁለት ቀን ሙሉ እስከ አጎቱ አጥር እየደረሰ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ደጁ ድረስ ገብቶ፣ አባባ ማናሴ ቀና ሲሉ የሚናገረው ቢጠፋው ከበሩ አጠገብ የተንጠለጠለ ሙዝ ገንጥሎ ሄደ። እንዴት እንዳፈረ ኋላ ራሱ ነግሮኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት አባባ ማናሴ ሲኒማ ቤት መጡ። ለጸሎት እንደሚሄድ ሰው፣ በአገራችን ወግ ወገባቸው ላይ ሰሌን ታጥቀው፣ እንደ ማንም ትኬት ቆርጠው፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አዳራሹ ዞሮ አያቸው። ሚያው የሚል ጠፋ፤ ሰው ፊት ለፊት ሲሆን ያስፈራል። ሳቴኪ ሳጥኑ ላይ ሆኖ አያቸው።

ካርቱኗ ተጀመረች። ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት ናት፤ ድመቱ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል፣ አይጡ ይመጣና ጢሙን ይነቅላል።

ሳቴኪ ጡሩምባውን አነሳ፣ መልሶ አወረደው፣ እንደገና አነሳው። ድምፁ ቀጭንም ወፍራምም አልነበረም፤ የራሱ ነበር።

«እዩ እስቲ» አለ። «ተኝቶ ነበር። ማነው የጀመረው?»

«ሳቴኪ፣ ዛሬ አሞሃል?» አለ አንዱ ከፊት።

«አላመመኝም። እዩ ነው የምላችሁ። ማነው የጀመረው?»

«አጎትየው ነዋ!»

«ተኝቶ?» አለ ሳቴኪ።

ሸራው ላይ አይጡ መጥበሻ ጣለ፣ የድመቱ ጭንቅላት እንደ ትሪ ተዘረጋ። ሁልጊዜ በጣም የምንስቀው እዚህ ላይ ነበር።

«ይህን ድመት ነገረኛ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ ሳቴኪ። «እሱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ አፉ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ይህን ያህል ዓመት ሲያሳድደው አይጡን ያልያዘው እግር አጥቶ ይመስላችኋል? ዓሣውን ሁልጊዜ አይጡ የሚደርስበት ቦታ የሚያስቀምጠው ማነው? እኔ እዚህ ቆሜ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ዛሬ ገና ገባኝ። ይህ ድመት ባይኖር ያ አይጥ በርሃብ በሞተ ነበር። አይጡን ካወቃችሁት፣ አይጡ እኔ ነኝ። እኔም በልቼ አደግሁ፤ ተመስገን።»

ካርቱኗ ያለ ድምፅ አለቀች። ከዚያ ሌሲኤሊ ከበሩ፣ «ይኸው፣ ዛሬስ ቄስ ሆነ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሌላ ቀን ዓይነት አልነበረም። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔም ያን ቀን እዚያ በመገኘቴ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ እኔም አጎት ነበረኝ።

ማሽኑ ላይ ፊልሙ እስኪቀየር መብራት በራ። አባባ ማናሴ ተነስተው ወደ በሩ ሲያመሩ ሳቴኪ ከሳጥኑ ዘሎ ደረሰባቸው።

«አጎቴ...»

እሳቸው ሸራውን በአገጫቸው አመለከቱ። «ወፍራም ነው» አሉ።

«ማን?»

«ድመቱ። እኔ እንደዚያ ወፍራም ነኝ?»

«ኧረ አይደለህም።»

«ታዲያ ሰው ምኔን አይቶ ነው?»

ሳቴኪ «አጎቴ፣ ሰኞ...» ሲል እጃቸውን አነሱ።

«ሂድ ሥራህን ሥራ። ሰው ከፍሎ ነው የገባው» ብለው ወጡ። ይቅር ይበሉት አይበሉት አላወቀም። የዚያን ቀን ትልቁን ፊልም እንዳበላሸው ሁሉም ይመሰክራል፤ ፈረሰኛውንና ሌባውን እያቀያየረ አወራቸው።

በነጋታው እሁድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያ ደወል ሳይደወል፣ ሳቴኪ የአጎቱን አጥር አልፎ ገባ። ከጓሮው ማድ ቤት ከመሬት ምድጃው፣ በጋለ ድንጋይ ከምናበስልበት ጉድጓድ፣ አመዱን ዝቆ አወጣ፣ እንጨት አነደደ፣ ድንጋዩን ቆለለበት፤ ከዚያ መፋቂያው ላይ ተቀምጦ ኮኮናት ይፍቅ ጀመር።

ጎረቤትየዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «የጌታ ያለህ! የእህት ልጅ ለአጎቱ ኮኮናት ሲፍቅ!» አለች።

«ተይኝ እባክሽ፣ ለራሴም አፍሬያለሁ» አላት። እጁን ግን አላቆመም።

አባባ ማናሴ ወጥተው ቆመው አዩት። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

«ድንጋዩ አልጋለም» አሉ ቆይተው።

«ይግላል፣ አጎቴ።»

ተመልሰው ገቡና ለሰኞው ጉዞ፣ ለሃአፓዮቹ ዘመዶቻቸው አስረው ያስቀመጡትን ጆንያ እየጎተቱ መጡ። ገመዱን ፈቱ። ከውስጡ ትልልቁን ቦዬ እያወጡ፣ እየላጡ፣ አንድ በአንድ አቀበሉት። ሳቴኪም እየተቀበለ በጋለው ድንጋይ ላይ ደረደረው።