የጫልቱ ተረከዝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ ስጸልይም ዘልዬዋለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፣ እሱ ግን እኔኑ ፈጀኝ። እናንተ የምታነቡኝ፣ እንግዲህ ፍረዱኝ። አምቦ ውስጥ ሰው «የድሮዋ ሯጭ» እያለ ከወንበር ይነሳልኛል። እኔ ግን ሰው ረግጬ ያለፍኩ ነኝ። ረገጥኩ ስል ለአባባል አይደለም፣ በእግሬ ነው።

ጫልቱና እኔ ጎጆ የምትባል የገጠር ከተማ ልጆች ነን። አምቦ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ፍራሽ ላይ እየተኛን ነበር ልምምድ የምንሠራው። አሰልጣኛችን ጫካ ውስጥ በሰልፍ ያስሮጠን ነበር። የኋለኛዋ የፊተኛዋን ተረከዝ እያየች፣ እሷ እግሯን ካነሳችበት ላይ የራሷን ታሳርፋለች። የፊተኛዋ ከተረገጠች ጥፋቱ የራሷ ነው፣ እርምጃዋን አሳጥራለች ማለት ነው። ሕጋችን ይህ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የጫልቱን ተረከዝ አይቻለሁ፤ ከፊቷ ይልቅ እሱን አውቀው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ረግጫት አላውቅም።

የመምረጫው ውድድር አስር ሺህ ሜትር ነበር፣ አምቦ፣ አቧራማው ሜዳ ላይ። አዲስ አበባ ክለብ የምትገባው አንዲት ብቻ ናት። ጫልቱ ከፊት ሆና ነፋሱን ትመክትልኝ ነበር። ሁለት ዙር ሲቀር ገባኝ። እኔ አለከልካለሁ፣ እሷ ገና አልደከማትም። ያኔ ምን ነካኝ? ሰይጣን ነው እንዳልል እኔው ነበርኩ። ጎጆ ተመልሼ ድንች ስኮተኩት ታየኝና ጠላኋት። አብራኝ የበላችውን ልጅ እስከ አጥንቴ ጠላኋት።

የመሮጫ ጫማዬን ሹል ብረት፣ ስፓይኬን፣ ተረከዟ ላይ አሳረፍኩ። ቆዳዋ ተቀደደ፣ ደሟ ቅልጥሜ ላይ ተረጨ። አልወደቀችም፣ ተንገዳግዳ ቀጠለች። እዚያ ላይ ብተወውስ ምን ነበረበት? አልተውኩም። እግሬን አንስቼ፣ ክብደቴን ሁሉ ጥዬ፣ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት ረገጥኩት። ጧ ሲል ሰማሁት። ጮኻ በፊቷ ተደፋች፣ አፏ ደምና አቧራ ሞላ። እኔስ? ዘልያት ሮጥኩ። ልዋሽ እንዴ? ደስ አለኝ! በአቧራው መሃል ማንም አልለየውም፤ አሰልጣኙም «አሳጥራ ነው» አለ።

ካሸነፍኩ በኋላ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደተኛችበት ሄድኩ። እግሯን በሻርፕ አስረውታል፣ ደሙ ይንጠባጠባል። ታንቀኛለች ብዬ ነበር። እጄን ያዘችው።

«ዲፋማ፣ እህቴ» አለችኝ በኦሮምኛ፣ «ይቅር በዪኝ። እርምጃዬን አሳጥሬብሽ ነው አይደል? ልጥልሽ ነበር እኮ!»

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ግድ የለም፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። ሰማችሁ? እኔ ይቅር አልኳት! ከሁለቱ ርግጫ ይህ ይብሳል።

እኔ ክለብ ገባሁ፣ ሮጥኩ፣ አገር አየሁ፣ ቤት ሠራሁ። ጫልቱ ጎጆ ተመልሳ፣ እግሯን እየጎተተች ድንች ትሸጣለች። ባለፈው የገበያ ቀን አገኘኋት። ሩጫ የጀመረች ሴት ልጇን ይዛልኝ መጣች።

«ከፊት ስትሆኚ እርምጃሽን እንዳታሳጥሪ» አለቻት። «እኔ እናትሽ በዚህ ጥፋት ይህችንም ላበላሻት ነበር።»

ልጅቷ እናቷን በትዝብት አየቻት። እኔ እዚያው ቆሜ ሰማሁ፣ ዝምም አልኩ። አሁንም ዝም! ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

ድህነት ነው፣ ልጅነት ነው አልልም። ይቅርታም አልለምንም፣ በየትኛው አፌ? ነገ ጎጆ ሄጄ ለእናትም ለልጅም እነግራለሁ። እናትየዋ በድንጋይ ብትፈነክተኝ አልሸሽም። ጫልቱ አላጠፋችም። እርምጃዋ አንድ ጣት እንኳ አላጠረም። እኔ ነኝ እያየሁ፣ እያወቅኩ፣ ሁለት ጊዜ የረገጥኳት።