አራት ቀዳዳ ብቻ ያለው ኮምፒውተሬ

ቡታጅራ ላይ ፎቶ ቤት ስከፍት ኮምፒውተሩን ዕቃ በዕቃ ገዝቼ ራሴው ነበርኩ የገጣጠምኩት። ጉራዬ ለጉድ ነበር! ስለ ፍጥነቱ ስጨነቅ ግን የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን መቁጠር ረስቼ ኖሮ፣ አራት ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ፕሪንተር፣ የካሜራ ካርድ ማንበቢያ፤ አለቀ። ፍላሽ የያዘ ደንበኛ ሲመጣ ማውሱን ነቅዬ በኪቦርድ ብቻ እፍጨረጨራለሁ።

ኋላ ሰባት ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ገዝቼ ተገላገልኩ። ያን ያየ የሰፈር ሰው ሁሉ ደግሞ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይመጣ ጀመር። እኔ እንደሆንኩ እምቢ ማለት አልችልበትም፤ "ሰካው፣ ሰካው" እላለሁ።

አንድ ቀን በርበሬ የሚነግዱ እናት ሃርድ ዲስክ በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። የዋርሳቸው ሠርግ ቪዲዮ አለበት፤ ባለቤታቸው ወንድማቸውንና ሙሽሪትን ሲመርቁ ይታያሉ። ባለቤታቸው የሞቱት ልጃቸው ጡት ሳትጥል ነው። አሁን ልጅቷ ልታገባ ነው፤ የአባቷን ድምፅ አታስታውሰውም።

ዲስኩን የሰፈሩ ስልክ በተደረደረበት ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት፤ የሳቸውንም ስልክ አጠገቡ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለና ጠፋ። ደግሜ ሰካሁት፤ ያው ነው። ጥፋቱ የኔ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ተፈጥሮዬ አይደለም። "እናቴ፣ ዲስኩ አብቅቶለታል" አልኳቸው በሙሉ ልብ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ምን ይደረጋል" ብለው ስልካቸውን ነቀሉና ተነሡ። በሩ ጋ ሳይደርሱ ዲስኩ መሽከርከር ጀመረ፤ ፋይሎቹ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ለካ በስልክ ብዛት ኃይል አንሶት ኖሯል! የቀሩትን ስልኮች መነጫጭቄ "እናቴ፣ ይመለሱ!" ብዬ ጮኽኩ። ፊቴ በእፍረት ጋለ፤ ለትንሽ ባዶ እጃቸውን ሸኝቻቸው ነበር።

ቪዲዮውን ከፈትኩት። አንድ መለሎ ሰው ብድግ ብለው ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። እናት ስክሪኑን አላዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

"ድምፁ እንዲህ ቀጭን ነበር እንዴ?" አሉኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል።

ድምፁን ከፍ አደረግኩላቸው።

"እኔ እኮ ልጄን፣ አባትሽ ድምፁ ወፍራም ነበር እያልኩ ነው ያሳደግኳት።" እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። "እስቲ ድገመው ልጄ፣ እኔ መጀመሪያ ልልመደው።"