ያልተረጨው መስመር

ይህ ታሪክ ለመጻፍ ይበቃ እንደሆነ እንጃ። የአረም ነገር ነው፤ ሰው አልሞተበት፣ ጉድ የሚያሰኝም የለበት። ባለፈው ቅዳሜ ግን፣ በዚህ ዕድሜዬ አንደኛ ዓመት በምማርበት ኮሌጅ፣ መምህራችን የግቢውን ሣር የወረረውን አረም በመድኃኒት ሲረጩ አሳዩን። ሽታው አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ መካነ ሰላም ዳርቻ፣ ከአባቴ ስንዴ መሐል የቆምኩ መሰለኝ።

በእኛ መንደር አረም የሚታረመው በወንፈል ነበር፤ ዛሬ የእኛ ማሳ፣ ነገ የጎረቤት። ዘሃራ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ትምህርት ካቋረጠች ወዲህ እሷ ከቤት ሥራ፣ እኔ ከደብተሬ አንላቀቅም ነበርና፣ ጠግበን የምናወራው በነሐሴ ብቻ ነው። ጭቃው ላይ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን፣ አሸክቱ ቀሚሳችን ላይ እየተጣበቀ፣ አሹቅ እየቆረጠምን እናርማለን።

በ1996 አባቴ የአረም መድኃኒት ገዛ፤ መርጫም ተዋሰ። ዘንድሮ ወንፈል እንደማያስፈልገን ሲናገር ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። በዚያው ሳምንት የዘሃራ ፓስፖርት ደርሶ ዓረብ አገር ልትሄድ መሆኑን ሰማሁ።

የእኔ ሥራ ውኃ ማመላለስና ምልክት መትከል ነበር። አባቴ መርጫውን አዝሎ በማሳው ማዶ ወደተከልኩት እንጨት ይመጣል፤ ሲደርስ እንጨቱን አራት እርምጃ አዛውራለሁ። ማሳው አጋማሽ ላይ ስንደርስ ስምንት እርምጃ አዛወርኩት። አባቴ ዓይኑን ከመርጫው ጫፍ ሳይነቅል አለፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሌላው ቦታ አረም ተጠማዞ ሲደርቅ፣ በመካከል አንድ መስመር ለምልሞ ቆመ። አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው።

«አረም እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ አይበቅልም» አለ። ወደ እኔ ግን አልዞረም። «ሂጂ፣ ዘሃራን ጥሪያት። ለሁለት ትጨርሱታላችሁ።»

ዘሃራ መጥታ መስመሩን ስታይ ሳቀች። «መድኃኒታችሁም እንደ እናንተ ፍልሰታን ይጾማል እንዴ? ይቺን ሳይቀምስ ያለፈው» አለችኝ። እንጨቱን እንዴት እንዳዛወርኩት ነገርኳት። ሳቋን አቋርጣ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ስለ አየር ማረፊያው፣ ስለማታውቀው ቋንቋ፣ ብቻዋን ስለምትቀረው እናቷ አወራችኝ። መስመሩ እያለቀ ሲሄድ ቀስ እንድትል ለመንኳት።

«ወላሂ፣ እኔስ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ እጄ ነው የማርመው» አለች።

መድኃኒቱን አልጠላውም። የአባቴን ወገብ አሳርፏል፤ ፈተና ላይ ጥቅሙን ብጠየቅም በደንብ እጽፋለሁ። ዘሃራ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥታ ተመልሳለች አሉ፤ እኔ ግን አግብቼ ርቄ ነበር። በነሐሴ ዝናብ ሲያባራ ዛሬም ጎኔን ባዶ ባዶ ይለኛል። የዚያን መስመር የመጨረሻ አረም አብረን የነቀልነው ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ነበር።