በአስታ አምባ የሞቀው ክትባት

የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆኜ መካነ ሰላም የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ ገና ጢሜን በወጉ ሳላወጣ ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አቶ ተሰማ አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ የጆሮ መብሻና አንድ የበረዶ ሳጥን አስፈርመው አስረከቡኝ። ከዚያ ቀና ብለው፣ “የበዓላቱን ቀን ታውቃለህ?” አሉኝ።

“ዋና ዋናዎቹን።”

“አይበቃም። ገበሬ በእርሻ ቀን በሬውን ፈትቶ አይሰጥህም። የምታገኘው ታቦቱን ሲያነግሥ ነው። ከቄሶቹ ጠይቀህ ጻፍ።”

ያኔ ስለ ታቦት በቢሮ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። አቶ ተሰማ ግን በሩን እንኳ ሳይዘጉ ነው የነገሩኝ። የየአጥቢያውን ንግሥ በደብተሬ ጻፍኩ፤ የሥራ ዕቅዴም እሱ ሆነ።

አስታ አምባ ከመካነ ሰላም በበቅሎ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ደጋ ነው። ገብስና ባቄላ ያበቅላል። ታቦቱ ጊዮርጊስ ነው። ንግሡ ሚያዝያ ሃያ ሦስት የሚውለው መሬቱ ለክረምት ዘር በሚታረስበት ወቅት ስለሆነ፣ በዋዜማው ቀምበር ሁሉ ይወርዳል፤ በማግሥቱ በሬዎቹ ለጠበል ይወጣሉ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከአምባው በታች ገባ ተባለ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ የገባበትን በረት ባዶ ሳያደርግ አይወጣም። ክትባቱን በበረዶ ጭኜ በዋዜማው አምባው ላይ ደረስኩ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሙላት ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉኝ።

“አባ፣ ነገ በሬዎቹ ለጠበል ሲወጡ እዚያው ልክተባቸው ይፍቀዱልኝ” አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። “ቀምበር አይጫንም አልን እንጂ አይታከምም አላልን። ታቦቱ ከገባ በኋላ ይሁን።”

በረዶው ነገ ከቀትር እንደማያልፍ አውቅ ነበር። ግን በእንግድነቴ የታቦቱን ሰዓት ላዝዝ ነው ብዬ አፈርኩና ሳልነግራቸው እሺ አልኩ።

ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሴቶቹ የዘር ገብሳቸውን በእንቅብ ይዘው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ታቦቱ በእልልታና በከበሮ ሲያልፍ ቄስ ሙላት መጀመሪያ ዘሩን፣ ቀጥሎ በሬዎቹን ጠበል ረጩ። የበሬዎቹ ቀንድ ላይ ለምለም ሣር ታስሯል። የረጠበ ጀርባቸው በብርዱ ይጨሳል። አራሹ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ በሬውን እንደ ልጁ በስሙ እየጠራ ቆሟል።

ታቦቱ ሲገባ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ነበር። ጎረምሶቹ ቀንድ ይይዛሉ፤ እኔ አንገቱ ላይ ወግቼ ለምልክት ጆሮውን እበሳለሁ። ሃያ ያህል በሬ ሲቀር እጄን ወደ ሳጥኑ ሰደድኩ። በረዶው ውኃ ሆኗል፤ ውኃውም ሞቋል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠጋ አለኝ። “ምነው ቆምክ?”

“ክትባቱ ሞቋል። ከእንግዲህ አይሠራም።”

“ማን ያውቅብሃል? ዝም ብለህ ውጋ እንጂ። ቀኑን ሙሉ የቆመውን ሰው እንዲሁ ልትሸኘው ነው?”

እውነቱን ለመናገር ሲሪንጁን ሞልቼው ነበር። ከፊቴ የነበሩት እቴ የሺ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት። ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሱትም ከዋርሳቸው፣ ማለትም ከባላቸው ወንድም በሬ ጋር አቀናጅተው ነው፤ ያም ገና ተራ ይጠብቃል። የበሬውን አንገት እያሻሹ፣ “አብሽር፣ አንዴ ብቻ ነው” ይሉታል።

ሲሪንጁን መሬት ላይ ደፋሁት።

“እቴ የሺ፣ ክትባቱ ሞቆብኛል። ብወጋውም አያድነውም። አዲስ ይዤ እስክመለስ ከደጅዎ እንዳይወጣ፤ ከሌላ በሬም እንዳይጠመድ።”

“እርሻውስ?”

“ይቆይ።”

ቄስ ሙላት የነገርኩትን ለሕዝቡ አሰሙ። ከኋላ አንዱ፣ “በጊዮርጊስ ቀን መርፌ ይዞ የመጣ ለታ ነው ነገሩ የተበላሸው” አለ።

በአምስተኛው ቀን አዲስ በረዶ ይዤ ተመለስኩ። የቀሩት በሬዎች ደህና ነበሩ፤ ከተብኳቸው። የእቴ የሺ በሬ ግን ተኝቷል። ዓይኑ ያነባል፤ አፉ ቆስሏል። በማግሥቱ ሞተ።

“ያን ቀን ብትወጋልኝ ይተርፍ ነበር?” አሉኝ።

“በያዝኩት አይተርፍም ነበር።”

“ወግተህልኝ ቢሆን ኖሮ ተከተበልኝ ብዬ ከዋርሳዬ በሬ ጋር እጠምደው ነበር። ያም ያልቅ ነበር” አሉ።

በሦስተኛው ቀን አገሩ በደቦ ወጥቶ የእቴ የሺን ማሳ አረሰላቸው። ለአራሾቹ ጠላ ሲያድሉ ለእኔም ሞሉልኝ። እጄን ብሰበስብ፣ “ጠጣ፣ አብሽር” አሉኝ።

ማሳው ዳር ላይ፣ በረዶው ከቀትር እንደማያልፍ በዋዜማው አውቅ እንደነበር ለቄስ ሙላት ነገርኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

“ልጄ፣ ያኔ ብትነግረኝ በሬዎቹን አስቀድምልህ ነበር። ታቦቱ የወጣው ለእነሱም አልነበረም?”

ከዚያ ደጎሎ ተዛወርኩ፤ ከደጎሎ ሌላ ቦታ፤ በመጨረሻም ጡረታ። ለአስታ አምባ ንግሥ ዳግመኛ አልደረስኩም። ዛሬ በምኖርበት ከተማም ሚያዝያ ሃያ ሦስት ታቦት ይወጣል፤ እልልታውም ከበሮውም አለ። በሬ ግን የለም። አስፋልቱ ዳር ቆሜ የረጠበ የበሬ ጀርባ ሽታ ይናፍቀኛል። እቴ የሺ በሬ ገዝተው እንደሆን የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ይህን ሥራ ለያዛችሁ ወጣቶች የምለው ይህን ነው፦ የያዛችሁት ክትባት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ገና እንደደረሳችሁ ተናገሩ።