ጋኑ የጠጣው ውሃ

ባለፈው ሳምንት መተማ ዮሐንስ ገበያ ውስጥ፣ በጓደኛዬ በሐዋ የጨርቅ መደብር ተቀምጬ ሙቀቱ እስኪበርድ እጠብቅ ነበር። በዚያ ሰዓት ባጃጆቹ ሁሉ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ጉምሩኩ በር ላይ የተደረደሩት የጭነት መኪኖች ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ። ሐዋ ስልኳን ከአንድ የጨርቅ ጥቅል ጋር አስደግፋ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። ሰዎች ወደ ማርስ ሄደው፣ ላይመለሱ እዚያው ስለመስፈራቸው የሚያወራ ነው። ተራኪው ችግሮቹን አንድ በአንድ ያነሳል። የሚተነፈስ አየር የለም፣ ብርዱ አይቻልም፣ የፀሐዩ ጨረር ይጎዳል፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ከመሬት በታች ተቀብሯል። ለሁሉም መፍትሔ እየተፈለገለት ነው ይላል።

ሐዋ ሳቀች። «እኛ እኮ ቀድመናቸው ሰፍረን ተመልሰናል» አለች። «ጋኑን ታስታውሺዋለሽ?»

አስታውሰዋለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። ከጎንደር የመጣች ቲቸር አበባ የምትባል የፊዚክስ አስተማሪ የሴት ተማሪዎች የሳይንስ ክበብ አቋቁማ ነበር። ሰው ሌላ ፕላኔት ላይ ቢሰፍር በምን በምን እንደሚቸገር በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኑሮ እንድንሞክረው ፈለገች። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ አንድ ጊዜ ዴስክ ተጭኖበት የመጣ አሮጌ ኮንቴይነር ነበር። ግራና ቀኙ ላይ መስኮት ወጥቶለት ዕቃ ቤት ሆኖ ይኖራል። ዕቃውን አወጣን፣ ሙቀት እንዳይስብ ከላይ እስከ ታች ኖራ ቀባነው፣ ከኋላው በቆርቆሮ ያጠርነውን መጸዳጃም የቤቱ አካል ነው ብለን ተስማማን። ሦስት ልጆች ከሐሙስ እስከ እሑድ እዚያ ይቀመጣሉ። አይወጡም፣ ከውጭም ምንም አይቀበሉም። ከተሳካ ሥራችንን ጎንደር ሄደን ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች እናሳያለን። በሩ ቀድሞ ከተከፈተ ጎንደር የለም። እኔ ጎንደርን አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩን ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ራሱ ሰፋሪ ነው። በወጣትነቱ ከወሎ ደጋ ሜዳና ውሃ አለ ተብሎ ወደዚህ ቆላ የወረደ ሰው ነው፤ ያገኘው ግን ወባና የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነበር። እስከ ዛሬ ንግግሩ የወሎ ነው።

«ሂዱ የሚላችሁ ሰው እሱ ይሄዳል ወይ?» አለኝ።

ቲቸር ውጭ፣ ከዘበኛው ጋር ሆና እንደምትጠብቀን ነገርኩት።

«አዎ፣ እኛንም ሂዱ ያሉን ሰዎች ውጭ ሆነው ነበር የጠበቁን» አለ። ቢሆንም ፈቀደልኝ።

የተመረጥነው እኔ፣ ሐዋና ስንዱ ነበርን። ሐዋ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ያኔም ሳቋ ቅርብ ነበር። ስንዱ የአብርሃ ጅራ ሰሊጥ አራሽ ልጅ ናት፣ አክስቷ ቤት ሆና ነበር የምትማረው። ምላሷ ስለት ነበረው፣ መምህራኑ ሳይቀሩ ይጠነቀቋት ነበር። እኔ ምንም አልናገርም። ለምን እንደተመረጥኩ ሳስብ፣ ዝምተኛ ሰው ቦታ አይፈጅም ብለው ይሆናል እላለሁ።

ድርቆሽና በሶ ያዝን። የሐዋ አባት አንድ ከረጢት የሱዳን ተምር ሰጡን። ውሃውን በተመለከተ ቲቸር በጀሪካን ይሁን አለች። ሦስታችንም በአንድ አፍ እምቢ አልን። በኛ አገር የጀሪካን ውሃ ረፋድ ላይ ይሞቅና የላስቲክ ሽታ ያመጣል፤ አማራጭ ያለው ሰው አይጠጣውም። ስለዚህ ሱዳኖቹ ዚር የሚሉትን ትልቅ የሸክላ ጋን ከሐዋ ቤት አስመጣን። እንደየቤታችን ልማድ በማዕዘኑ አሸዋ ደልድለን አስቀመጥነው፣ በእንጨት ክዳን ከደንነው፣ ላዩ ላይ የቆርቆሮ ኩባያ ደፋንበት። ጋኑ ያልባል፣ ላቡ ነው ውሃውን የሚያቀዘቅዘው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን በየቤቱ ጠዋት ጠዋት የሚሞላው ሰው ስላለ ላቡ ስንት ውሃ እንደሚወስድ ለክቶ የሚያውቅ የለም።

መለኪያችን የማሽላ አገዳ ነበር። በቢላ ምልክት አበጀንበት፤ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰውን ኩባያ ቆጥረን፣ ማታ ውሃው የት ላይ መሆን እንዳለበት፣ ጠዋትም የት ላይ እንደሚገኝ እናውቃለን።

ሐሙስ እንደ በዓል አለፈ። ወሩ ጥር ነው፣ ሰሊጡ ተሰብስቦ አልቋል፣ ከሜዳው የሚመጣው ደረቅ ነፋስ በመስኮቱ ገብቶ በመስኮቱ ይወጣል። ተማሪዎች ከውጭ እየመጡ «እናንተ ማርሶች» እያሉ ይቀልዱብናል። ሲመሽ ለወባ ትንኝ ብለን ሁለቱንም መስኮት ጠርቅመን ዘጋን። እኔ ማዕዘኑን ስለምወድ ከጋኑ ሥር ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ስንዱ አገዳውን አስገባች። አወጣችው፣ አየችው፣ በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና አስገባችው። ውሃው ማታ ከነበረበት ሦስት ጣት ወርዷል።

ስንዱ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ነጠላሽ ለምን ራሰ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው፣ ጫፉ ርሷል። ለምን እንደራሰ አላውቅም ነበር። እኔ ስጠየቅ አፌ ይያዛል፣ አፌ ሲያዝ ደግሞ ጥፋተኛ እመስላለሁ። ወደ ሐዋ አየሁ። እሷ የተምሩን ከረጢት አፍ እየፈታች መልሳ ታስረዋለች።

«ዝም ያለ ሁሉ ጨዋ አይምሰልሽ፣ ሐዋ» አለች ስንዱ። «ሌቱን ሙሉ ከጋኑ ሥር የተኛ ሰው ማነው?»

ሐዋ አልተከራከረችልኝም። የዚያን ጊዜ እኔም እነሱን ማየት ጀመርኩ። ስንዱ ለመክሰስ ምነው ቸኮለች? ሐዋስ ተምር ስትበላ ውላ እንዴት አልጠማትም? ትናንት ስንስቅበት የዋልነው ቤት ጠበበኝ። መተማ ትንሽ ከተማ ናት። የውሃ ሌባ የሚል ስም ይዤ ብወጣ እስከ ሠርጌ እንደሚከተለኝ አውቃለሁ። ጎንደርም ይቀራል፣ አባቴም ከዚያ ወዲያ ከደጅ አያስወጣኝም።

ስንዱ ቲቸርን ጠርተን እኔ እንድወጣና እነሱ እንዲቀጥሉ ሐሳብ አቀረበች። ያኔ ነው አፌ የተፈታው።

«ማርስ ላይ ብንሆን የት ታወጭኝ ነበር?» አልኳት።

«እዚያማ ሜዳ ሞልቶ» አለች ስንዱ።

ሐዋ ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

ሦስታችንም ማንም ሳይጠጣ ጋኑን ከበን እንቀመጥ አልኩ። ጥፋቱ የሰው ከሆነ እየተያየን ውሃው አይወርድም። ስንዱ ምልክቱን ራሷ አድርጋ ተቀመጠች። መስኮቶቹ ተከፍተዋል፣ ነፋሱ አቧራና የተቃጠለ አገዳ ሽታ ይዞ ይገባል። ምላሳችን ከላንቃችን ጋር እየተጣበቀ፣ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ስንተያይ ዋልን። ከዚያ ቀን በፊት የሰው ጉሮሮ ሲውጥ እንዲህ አተኩሬ አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ወደ ሱዳን ስታዘነብል ስንዱ አገዳውን አስገባች። ውሃው አንድ ጣት ወርዷል።

መጀመሪያ የገባት ሐዋ ናት። እጇን ከጋኑ ሥር ሰዳ አሸዋውን ጨበጠችና አሳየችን፤ እንደ ጭቃ ይጠፈጠፋል። «ይኸው ሌባው» አለች። አቀፈችኝ። ስንዱ ይቅርታ አላለችም፤ የመጀመሪያውን ኩባያ ቀድታ ግን ለኔ ሰጠችኝ። በኛ ዘንድ ይኸም ይቅርታ ነው። የቀረውን ውሃ ወደ ላስቲክ ሳፋ ገልብጠን፣ ሞቅ ያለውን እየተጎነጨን እስከ እሑድ ደረስን።

በሩ ሲከፈት ተማሪው አጨበጨበ። አባቴ ከኋላ፣ ከኒሙ ግንድ አጠገብ ቆሞ ነበር። ስለ ሙቀቱም ስለ ውሃውም አልጠየቀኝም።

«ተጣላችሁ ወይ?» አለኝ።

«አልተጣላንም፣ አባየ።»

እንዳላመነኝ ከዓይኑ አየሁ። መንገድ ላይ ስለ መጀመሪያው ክረምታቸው አወራኝ። እህል ሲጎድል ከጅብ ይልቅ ጎረቤት ከጎረቤት ይፈራራ እንደነበር፣ ያኔ የተጠረጠሩት ሰዎች ዛሬም በዕድር አጠገቡ እንደሚቀመጡ ነገረኝ። ማን ምን እንዳደረገ አወቃችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቶሎ ቶሎ መራመድ ጀመረ።

ጎንደር ሄድን። ስንዱ አቀረበች፣ እኔ ከኋላ ቆሜ የጋኑን ሥዕል ያዝኩ። ሌላ ፕላኔት ላይ የሚሰፍር ሰው የቤቱን ልማድ ሳይመረምር ይዞ መሄድ የለበትም አልን፤ በጣም ተጨበጨበልን። ነገሩም በዚያ ተዘጋ።

ሐዋ ቪዲዮውን ዘግታ ተነሣች። የመደብሩ በር አጠገብ ጋን አላት። ኩባያውን እየቀዳች፣ «በር ላይ ያደረግኩት ለነፋሱ ብዬ ነው» አለችኝ። «ነፋስ ካላገኘ አያልብም። ማታ መደብሩን ስዘጋው ምን አለፋሽ፣ እንደሞላ ያድራል።»

ኩባያው አፌ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ያን ዓርብ ነፋስ በሁለት መስኮት ሲገባ ውሎ ጋኑ የወሰደው አንድ ጣት ነው። ሌሊቱን ግን መስኮቶቹ ተዘግተው፣ አየሩም በርዶ፣ ሦስት ጣት ወርዷል። ነጠላዬም ርሷል። ምናልባት ጋኑ አንጠባጥቦብኝ ነው። ምናልባትም በላዬ ተንጠራርቶ የቀዳ ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ትነት ተምሬ ተፈትኛለሁ፤ ይህን ግን እስከዚያች ደቂቃ አስቤው አላውቅም።

ሐዋን አየኋት። ያለችውን ነገር ልብ ያለችው አትመስልም፣ ወይም ልብ ያላለች መስላ መታየት ታውቅበታለች። ስንዱ ዛሬ አብደራፊ ናት፣ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ሁለቱንም መጠየቅ እችል ነበር። አንዷን ብጠይቅ ግን ከሁለቱም ጋር ያለኝ ነገር እንደ ድሮው አይሆንም። የቪዲዮው ሰውዬ አየሩንና ጨረሩን ሲያነሳ ይህን አላነሳም። ከአንድ በር ጀርባ ዕድሜ ልኩን አብሮ የሚኖር ሰው የማይጠየቅ ጥያቄ አፉ ውስጥ ይዞ መኖር አለበት። አባቴ እንዲህ ኖሮ ነው ይህን ቆላ አገሩ ያደረገው መሰለኝ።

«ብትጠሪ ትሄጃለሽ?» አለችኝ ሐዋ በስልኩ አቅጣጫ በአገጯ እያመለከተች።

«ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ ሲነግሩኝ» አልኩ።

ሳቀች። ውሃውን ጠጣሁት፣ ቀዝቃዛ ነበር። ኩባያውን ስመልስላት ሐዋ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ስንት እንደቀረ አየች።