አባቴ ዝም ሲል

ሐይቅ ከተማ ከሚኒባስ ስወርድ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ተቀበለኝና ዓሣ አጥማጁ አባቴ ትዝ አለኝ።

በጦርነቱ ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። የከባድ መሣሪያው ድምፅ በውጫሌ በኩል እየቀረበ ሲመጣ ቄሶቹ ሳይቀሩ ወደ ደሴ ሸሹ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ። አባቴን ፍለጋ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። በዝማሬው መንደሩን ያናውጥ የነበረው ሰው፣ እርጥብ መረቡን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ተነስ እንሂድ! ሰዉ ሁሉ እኮ ወጣ።»

«ቆይ ልጄ፣ እየጸለይኩ ነው።»

«ድምፅህ አይሰማም እኮ!»

«ቃል አለቀብኝ። እሱ ግን የልቤን ያውቃል፤ ዝም ብዬ ፊቱ እቀመጣለሁ።»

እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ። መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እጄን ጠበቅ ያደርገዋል፤ ከንፈሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሲጨርስ መረቡን አጥፎ ተነሳና ሄድን።

ጦርነቱ አለፈ፤ ወንድሜ አልመጣም። አባቴ ሊሞት ሰሞን፣ «ያኔ ለጸለይከው እግዚአብሔር ምን መለሰልህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እሱም ዝም አለ» አለኝ። «አብረን ዝም እንላለን።»

ዛሬ እኔም ውሃው ዳር ዓይኔን ጨፍኜ ተቀምጫለሁ። ጸሎት ይሁን ናፍቆት ለይቼ አላውቀውም።