ለእናቴ የነገርኳት ግማሽ ትምህርት

ዛሬም ድረስ ሰው «አየር ለውጥ» ሲል ደሜ ይፈላል። ለጨጓራውም፣ ለሐዘኑም፣ ለሳልም አየር ለውጥ የሚያዝ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። ፊቴ ሲለዋወጥ ያዩ ሰዎች ምን እንዳስቀየመኝ ይጠይቁኛል፤ አልነግራቸውም።

እናቴ አቃቂ በሚገኝ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። ከፈረቃ ስትመለስ ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዛ ነበር የምትገባው። ያኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሴቶችን ለማኅፀን በር ምርመራ ይቀሰቅሱ ነበር። ምርመራው በአቸቶ ነው፤ አቸቶው ሲቀባ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። እናቴ «ሰላጣ ላይ የምናደርገው ነው እንዴ?» ብላ እየሳቀች ሄደች። ስትመለስ ግን አልሳቀችም፤ ነጩ ታይቶባታል።

«ካንሰር አይደለም» ብላታለች የጤና ጣቢያው ነርስ፤ «ዝም ከተባለ ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። በቅዝቃዜ እናክመዋለን፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።» የደቂቃዎቹ ሥራ ግን በዚያ ቀን አልተሠራም። የመሣሪያው ጋዝ አልቋል ተባለ፣ በሁለት ሳምንት እንድትመለስ ተቀጠረች። ያቺን ሴት እግሯ ጤና ጣቢያው ውስጥ እያለ፣ ፍርሃቷን አሸንፋ መጥታ እያለ፣ በቀጠሮ ወረቀት ሸኟት። ይህን ሳስብ እርር ድብን እላለሁ። ግን ለነሱ ያለኝ ንዴት ለራሴ ካለኝ ጋር አይወዳደርም።

እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እማራለሁ። በዚያው ሳምንት መምህራችን ስለ ሴል ዙሪያ አስተማረን። ሴል ብቻውን አይኖርም አለ፤ በመረብ ዓይነት ነገር ተይዞ ነው የሚኖረው። መረቡ ሲጠጥር ወይም ሲበላሽ ሴሉም ሊበላሽ ይችላል። ተመራማሪዎች ያንን መረብ እንደ ጄል ካለ ለስላሳ ቁስ ራሳቸው እየሠሩ ይሞክራሉ፤ መለወጥ የጀመሩ፣ ገና ካንሰር ያልሆኑ ሴሎችን እዚያ ውስጥ ሲያስቀምጧቸው አንዳንዶቹ ወደ ቀድሞ ሥርዓታቸው ይመለሳሉ። ቀጥሎ መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና «ይህ ላብራቶሪ ሳህን ላይ ነው፤ ሰው ላይ ገና ነው። ዛሬ የታመመ ሰው ከጠየቃችሁ፣ ሂድ ታከም ነው መልሱ» አለ። ጽፌዋለሁ። በገዛ እጄ፣ ከሥሩም አስምሬበት።

ቤት ስገባ እናቴ ምሳዋን ሳትነካው ተቀምጣ አገኘኋት። ያ የሚያቀዘቅዝ ብረት ውስጧ ሲገባ በሐሳቧ እያየች ነበር።

«እማዬ፣ አትፍሪ» አልኳት። «ሴል ዝም ብሎ አይበላሽም። ዙሪያው ከተስተካከለለት ተመልሶ ጤነኛ ይሆናል። መምህራችን ዛሬ ነው ያስተማረን።»

«ኧረ? ያለ መድኃኒት?»

«ዙሪያው ነው ዋናው።»

ስለ ሳህኑ አልነገርኳትም። ፊቷ ሲፈታ አየሁና የቀረውን ዋጥኩት። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ እንዲያ አፏን ከፍታ ስታዳምጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ምሁር ሆንኩላት! ያን ጊዜ ምላሴን ነክሼ ዝም ብል ምን ነበረበት?

እናቴ መረቡን የት ታውቀዋለች? እሷ የምታውቀው ዙሪያዋን ነው፤ ብናኙን፣ የወንዙን ሽታ፣ የማሽኑን ጩኸት። «እኔ እኮ ድሮም ብዬ ነበር» አለች፤ «ይሄ ሰፈር ነው የጨረሰኝ። አየር ልለውጥ።» የዓመት ፈቃዷን አስሞልታ ደብረ ዘይት እህቷ ጋ ሄደች። የቀጠሮዋ ቀን እዚያው እያለች አለፈ። ቀኑን አውቀው ነበር፤ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ስትመለስ ትሄዳለች ብዬ ተውኩት።

ጉንጯ ሞልቶ ተመለሰች። ጎረቤቶች «ተመችቶሻል፣ የድሮዋን መሰልሽ!» ሲሏት «ልጄ ናት ያዳነችኝ» አለች። አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ፈገግ አልኩ። ነርሷ ደጋግማ ስትደውል «ተሽሎኛል» እያለች መለሰቻት። ምኗን አሟት ነው የሚሻላት? ነጩ ቦታ መቼ ያማል! ከዚያ በኋላ ቀጠሮውን እኔም አላነሳሁት፣ እሷም አላነሳችው። ደም እስኪፈሳት ድረስ እንዲሁ ቆየን።

አሁንም ስለዚያ ጄል መሰል ቁስ የተጻፈ ነገር ሳገኝ አነባለሁ። ትምህርቱ ውሸት አልነበረም፤ አንድ ቀን የአንዷን እናት ያድን ይሆናል። ደስም ይለኛል፣ ወረቀቱን ልቀደውም ያምረኛል።

ደሙ ከመጣ በኋላ በሄድንበት ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም ካርዷን አገላብጦ አየና «እናቴ፣ ያኔ እኮ በቀላሉ ይድኑ ነበር። ለምን ቀሩ? ማን ነው አይሂዱ ያለዎት?» አላት።

«ማንም አላለኝ፣ ዶክተር። ሞኝነቴ ነው። እኔ አልተማርኩም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የተማርሽ ትመስያለሽ። እንዴት ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ቀደመችኝ። «እሷን ይተዉልኝ። እሷማ ሂጂ ብላ ለምናኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ።»

ሐኪሙ አለማወቅ ስለሚያመጣው ጣጣ ረጅም ተግሣጽ ሰጣት። አንገቷን ደፍታ ሰማችው። እኔ ቦርሳዋን ይዤ ቆሜ ነበር፤ «እኔ ነኝ» አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ያየችው አንድ ፋሲካ ብቻ ነው። በእነዚያ ወራት ሁሉ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ሳጥባት፣ ሳገላብጣት፣ ሕመሙ ሲያስጮኻት እንኳ ትመርቀኝ ነበር። ለዚያ እስከዛሬ ይቅር አላልኳትም። አንድ ጊዜ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት?